በረንዳዬ ላይ የወረደው ጥቁር አሸዋ

ጥያቄ፦ "ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጣሊያን፣ ሲሲሊ ደሴት፣ ኤትና ከሚባለው እሳተ ገሞራ ሥር ያለችው ካታንያ ከተማ ነው። ከመጣሁ ገና 5 ወሬ ነው። አንዲት የ82 ዓመት እናት እየተንከባከብኩ እዚያው እሳቸው ቤት አድራለሁ። በቀደም ሌሊት መስኮቱ ሲንገጫገጭ ደንግጬ ተነሳሁ። ሲነጋ በረንዳው በጥቁር አሸዋ ተሸፍኖ አገኘሁት። በውሃ ጎማ ላጥበው ስል ሲኞራዋ ጮኹብኝ። እሳቸው አስም አለባቸው። ይሄ አመድ ይመርዛል? ያ እሳትስ አንድ ቀን እኛ ጋ ይደርሳል? ለገና አዲስ አበባ ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ተራራው ከተነሳበት በረራ የለም ብለው አስፈራሩኝ። እናቴ ደግሞ አፋር ውስጥ የፈነዳውን የሃይሊ ጉቢን እሳተ ገሞራ ቪዲዮ ካየች ወዲህ በደወልኩ ቁጥር 'ልጄ፣ ከዚያ አገር ውጪ' ትለኛለች። ምን ልበላት?"

መልስ፦ እህቴ፣ ሲኞራዋ እውነታቸውን ነው የጮኹት። እኔም ጂኦሎጂ ልማር እዚያው ከተማ በሄድኩበት የመጀመሪያ ዓመት እንዳንቺው ጎማ ይዤ በረንዳ ወጥቻለሁ። በእኔ ላይ የጮኹት ደግሞ ታች ያሉት ጎረቤት ነበሩ። ስለዚህ ከበረንዳው ልጀምር፤ እሳቱ ይቆየን።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። አመድ ስንል እኛ የምናውቀው የምድጃውን ነው። እንጨት ተቃጥሎ የሚተርፈው፣ ለስላሳው፣ እፍ ሲሉት የሚበነው። እናቶቻችን ድስት ይፈትጉበታል፣ ውሃ ሲያፈሱበት ሄደ ማለት ነው። ኤትና የምታወርደው ግን የተቃጠለ ነገር አይደለም። ድንጋይ ነው። ከምድር ውስጥ ቀልጦ የሚወጣው አለት ጋዝ አለበት። ላይ ሲደርስ ጋዙ ይገነፍላል። የለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቀሽ ስትከፍቺው የሚሆነውን አስቢ። ቅልጡ አለት ይበጣጠሳል፣ ሰማይ ላይ በአፍታ ይቀዘቅዛል፣ የመስታወትና የማዕድን ፍርፋሪ ሆኖ ይወርዳል። በሙያችን አመድ የምንለው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ነው። ከዚያ በላይ የሆነው፣ ሽምብራና ባቄላ የሚያህለው፣ ላፒሊ ይባላል። የካታንያ ሰዎች በራሳቸው አነጋገር 'ሪና' ይሉታል። አሸዋ ማለት ነው። እኔም ከአሁን በኋላ አሸዋ ብለው ደስ ይለኛል፤ አሸዋ ነው ብለሽ ካሰብሽ ግማሹን ስህተት አትሠሪም።

አሸዋ በውሃ አይሟሟም። ይንሸራተትና የቱቦው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ይደረብበታል። ስሚንቶ ባይሆንም ተጋግሮ እንደ ስሚንቶ ይደርቃል። ከዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው መውረጃ አጥቶ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ወይም የታችኛው ሰው ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ አመድ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃ ከጠጣ ወደ 20 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በረንዳሽ 4 ካሬ ሜትር ቢሆን በጎማ አርጥበሽ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት አሸከምሽው ማለት ነው። በረንዳው ይችለዋል። አሮጌ ጣሪያና አሸንዳ ግን አንዳንዴ አይችልም።

ታዲያ እንዴት ይጠረግ? የአፈር ወለል ያለው ቤት ሲጠረግ አይተሽ ታውቂያለሽ መቼም። በእጅ ውሃ ርጨት ርጨት ይደረግና ነው መጥረጊያ የሚነሳው። እንደዚያው ነው። አቧራው እንዳይነሳ ያህል ብቻ እርጪ፣ ጭቃ እስኪሆን አይደለም። መጀመሪያ የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኚ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ጥረጊ፣ በአካፋ እፈሺ፣ በትንንሽ ፌስታል አድርጊ። ትልቁን ከረጢት ሞልተሽ ስታነሺው ወይ ከረጢቱ ይቀደዳል ወይ ወገብሽ። ከወጥ ቤት ቆሻሻ ጋር አትቀላቅዪው። ብዙ በወረደ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚነሳ ያስታውቃል፤ ሲኞራዋን ወይም የሕንጻውን ጠባቂ ጠይቂ። ጃፓን ውስጥ ሳኩራጂማ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ማዶ ያለችው ካጎሺማ ከተማ ለዚሁ ሥራ ብቻ ቢጫ ከረጢት ለነዋሪዎቿ ታድላለች። እዚያ አመድ እንደ ሌላው ቆሻሻ መደበኛ ነገር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጣሪያ ላይ አትውጪ። ውጪ ቢሉሽም እምቢ በይ። በአመድ ጊዜ ሰው ከሚጎዳባቸው ነገሮች አንዱ፣ አመዱን ሊጠርግ መሰላል ላይ ወጥቶ መውደቅ ነው።

አመድ በዱቄት ይስቃል ይላል የኛ ሰው። ይሄኛው በመስታወትም ይስቃል። የመጀመሪያው ሰሞን መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ ሁለቱንም መስታወት ቧጨርኩት፤ የአንድ ወር የኪስ ገንዘቤን ነው የበላው። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። መስኮት፣ መነጽር፣ የስልክ ስክሪን፣ የተወለወለ እንጨት፣ የሸክላ ወለል፣ አንዱንም በደረቅ ጨርቅ አትሺ። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ፣ ቀጥሎ ብዙ ውሃ እንዲወርድበት አድርጊ፣ ጨርቁ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የመኪና መስታወትም ያው ነው፤ ደረቅ አመድ ላይ የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳ ሹፌር መስታወቱን አበላሸ ማለት ነው። ውጭ የተሰጣ ልብስ ካለ አራግፈሽ በብዙ ውሃ አለቅልቂ፣ አትፈትጊ። ጫማሽን በር ላይ አውልቂ። የአየር ማቀዝቀዣው ውጭ ያለውን ክፍል ስለሚያንቀው አመድ እየወረደ ሳለ አጥፊው። ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር፣ እኛ ሮቶ የምንለው፣ ካላቸው ክዳኑ መገጠሙን አንድ ሰው ይይልሽ። ከገበያ የመጣ ሰላጣና ፍራፍሬ በደንብ ታጥቦ ይበላል፤ አሸዋው ጥርስ ላይ ከመንኮሻኮሽ በቀር ችግር የለውም።

አሁን ወደ ሲኞራዋ ሳንባ።

መርዝ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። የኤትና አለት ባዛልት የሚባለው ዓይነት ነው፣ የከተማው ግንብና የእግረኛ መንገድ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ። ሳንባን በዓመታት ውስጥ እንደ ጠባሳ እያደረቀ የሚጎዳው የሲሊካ ክሪስታል በዚህ ዓይነት አመድ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ካታንያ ደግሞ ከተራራው ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እዚያ ድረስ የሚደርሰው አብዛኛው አመድ ተለቅ ያለ ፍሬ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ያሳክካል፣ ያስላል፣ ዓይን ያቀላል። ለጤነኛ ሰው ይኸው ነው።

አስም ላለበት ሰው ግን ሌላ ነው። ከትልልቁ ፍሬ ጋር ዱቄቱም ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አስምን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የሚፈራበትን ቀን ነው። አመዱ ሲወርድ ሁሉም ይጠነቀቃል። በማግስቱ ሰማዩ ሲጠራ ሁሉም ይወጣል። መኪናው መንገድ ላይ የቀረውን አሸዋ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ነፋስ ያነሳዋል። ለአስም የከፋው ቀን አንዳንዴ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ስለዚህ መንገዱ እስኪጠረግ ወይም ደህና ዝናብ እስኪጥል ሲኞራዋ ቤት ይቀመጡ። መንገድ ዳር ያለውን መስኮት ዝጊ፣ ተጠቅላይ መከለያው ይውረድ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ድፈኚ። ወደ ውስጥ የሚሳበው የአስም መድኃኒታቸው የት እንዳለ፣ ስንት እንደቀረው፣ ዛሬውኑ እዪ። አመድ በወረደበት ቀን ፋርማሲ ፍለጋ መሮጥ አያስፈልግሽም።

ማስኩ ላንቺ ነው። ኤፍኤፍፒ2 የተጻፈበት፣ ፊትሽ ላይ ጥብቅ የሚል ግዢ። በምትጠርጊበት ጊዜ አድርጊው። ነጠላ አጥፎ አፍ ላይ ማድረግ ከምንም ይሻላል፣ ግን ዱቄቱን አይዝም። ነክሮ ማድረግም የተለየ ነገር አይጨምርም። ለሲኞራዋ ማስክ አድርጊላቸው ብዬ አልመክርሽም፤ ጥብቅ ማስክ ለመተንፈስ ያስቸግራል፣ ለሳቸው የሚሻለው ከቤት አለመውጣት ነው። ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ መድኃኒቱ ካላስታገሳቸው 112 ደውዪ። የቤተሰብ ሐኪማቸውን ደግሞ አሁን፣ ሰላም በሆነበት ቀን፣ አመድ ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠን ይለወጥ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ይሄን እኔ አልወስንም፤ የድንጋይ ሰው ነኝ። የዓይን ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ አውልቂው።

ስለ ጋዙ አንድ መስመር ይበቃል። ተራራዋ ብዙ የድኝ ጋዝ ትተፋለች፤ አፎቿ ያሉት ግን ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነፋስ ከከተማው በላይ አሳልፎ ይወስደዋል።

ተራራዋ ያልኩት በአማርኛ ደንብ አይደለም። እዚያ ሁሉም ሰው በሴት ነው የሚጠራት። ኤትና ከማለት ይልቅ 'ተራራዋ' ይላሉ፣ ሌላ ተራራ የሌለ ይመስል። ሌላው የድሮ ስሟ ሞንጂቤሎ ነው። 'ሞንቴ' በላቲን ዘር ተራራ ነው፣ 'ጂቤሎ' ደግሞ ከዐረቦቹ የቀረ ጀበል ነው። ተራራ ተራራ። ዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ወዲያው ይገባቸዋል።

ወደ ነጥቡ ልመለስ። ተራራዋ ጮኸች ማለት ካታንያ ላይ አመድ ይወርዳል ማለት አይደለም። የሚወስነው ነፋስ ነው። ከተማዋ ከጫፉ በስተደቡብ ናት። ላይኛው ሰማይ ላይ በብዛት የሚነፍሰው ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚቀምሱት በምሥራቅ በኩል ያሉት ዛፈራና፣ ሚሎና ጃሬ ናቸው። እ.ኤ.አ. (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ኤትና ከ50 ጊዜ በላይ የእሳት ምንጭ ወደ ሰማይ ተፍታለች፣ እያንዳንዱም ለሰዓታት። እነዚያ መንደሮች ጣሪያ መጥረግ ሥራቸው ሆኖ ከረመ፤ ካታንያ ደግሞ ስንቱን ጊዜ ከሰገነት ላይ ሆና ተመለከተች። ነፋሱ ከሰሜን ወይም ከሰሜን ምዕራብ ሲዞር ነው የእናንተ ተራ የሚደርሰው።

እዚህ ላይ አንድ የባለሙያ ምክር፦ ስልክሽ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ የሚነግርሽ የመንገዱን ነፋስ ነው። እሱ ከባሕር የሚመጣው ነው፣ አይጠቅምሽም። አመዱን የሚሸከመው 5 እና 10 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነው፣ ያኛው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ቀላሉ መንገድ ዓይንሽ ነው። ቪያ ኤትኔያ የሚባለው ትልቁ ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ተራራዋ ያያል። እዚያ ቁሚና ጭሱ ወዴት እንደተጋደመ እዪ። ወደ ቀኝሽ፣ ወደ ባሕሩ ከተጋደመ ልብስሽን አስጪ። ወደ ራስሽ ከመጣ ግን ቤት ግቢ፣ መስኮት ዝጊ። ማታ ከሆነ የብሔራዊው የጂኦፊዚክስና የእሳተ ገሞራ ተቋም፣ በጣሊያንኛ ምሕጻሩ ኢንጂቪ፣ መግለጫ ያወጣል። የኤትና ክፍሉ እዚያው ካታንያ ውስጥ ነው፣ ፒያሳ ሮማ። 24 ሰዓት ሰው አለው።

ታዲያ መግለጫው ላይ 'ቀይ' የሚል ስታይ አትደንግጪ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት የፍርሃት ጥያቄዎች ግማሹ ከዚህ ቃል ነው የሚነሱት። እዚህ መግለጫ ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የሚለው ደረጃ ለአብራሪዎች ነው። ቀይ ማለት አመድ ወደ ሰማይ ወጥቷል ወይም ሊወጣ ነው፣ በዚያ አትብረሩ ማለት ነው። ከተማ ልቀቁ ማለት አይደለም። ዜናውን የሚያጋራው ሰው ይሄን አይነግርሽም፤ 'ኤትና ቀይ ማስጠንቀቂያ' ብሎ ይለቀዋል። የነዋሪው ትእዛዝ የሚመጣው ከማዘጋጃ ቤቱና ከሲቪል ጥበቃው ነው። አመድ በወረደ ጊዜ የሚያወጡት ትእዛዝ የታወቀ ነው፦ ሞተር ሳይክልና ብስክሌት ለተወሰነ ቀን ይታገዳል፣ መኪና በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። አሸዋው በዚያ በተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደ ብይ ያንሸራትታል። እግረኛም ይወድቃል። ጠፍጣፋ የሆነ፣ የሚይዝ ጫማ አድርጊ። ሰማዩ ሳይዘንብ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ሲሄድ ብታዪ አትሳቂ፣ አንቺም ያዢ።

ሌሊት ስላነቃሽ መንገጫገጭ። ያ ብዙውን ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም። እላይ ሲፈነዳ የአየሩ ግፊት እንደ ማዕበል ይመጣና መስኮትና በር ይመታል። መለያው እንዲህ ነው፦ መስታወቱና መከለያው ብቻ ከተንገጫገጨ አየር ነው። አልጋው ከተወዛወዘ፣ የተንጠለጠለው መብራት ከተወዛወዘ፣ ያኔ መሬት ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁንልሽ። በዚያ ከተማ አንድ ነገር ፍሪ ብትይኝ ቅልጡን አለት ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጡን እልሻለሁ። ካታንያን ያጠፋት እሱ ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1693 ምሥራቅ ሲሲሊ ተመታ፣ ከተማዋ ፈረሰች፣ ከነዋሪዋ አብዛኛው አለቀ። ዛሬ የምታዪው ያ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ያማረ ሕንጻ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ስለዚህ የሲኞራዋ አልጋ ራስጌ ላይ ከባድ ቁም ሳጥን ካለ አዙሪው፣ ወይም ግድግዳው ላይ ይታሰር። ባትሪ መብራት፣ ጫማ፣ መድኃኒታቸውን አልጋ አጠገብ አኑሪ።

የእሳቱን ጥያቄ አሁን ልመልስ። ከጫፉ የሚፈሰው ቅልጥ አለት አብዛኛውን ጊዜ ቫሌ ዴል ቦቬ ወደሚባል በምሥራቅ በኩል ወዳለ ሰፊ ባዶ ገደል ነው የሚወርደው። እዚያ ይተኛል፣ ይቀዘቅዛል። ካታንያ እንዲደርስ መሬቱ ከጫፉ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ ከጎኗ፣ መሰንጠቅ አለበት። ይሄ ሆኖ ያውቃል። ማርች 11 ቀን 1669 ኒኮሎሲ አጠገብ ተሰነጠቀ። ቅልጡ አለት ብዙ መንደር ውጦ የከተማዋን ግንብ ደረሰ። ካስቴሎ ኡርሲኖ የሚባለውን ግንብ ዞረው፤ ባሕር ዳር የነበረው ቤተ መንግሥት ዛሬ ከባሕር ርቆ የቆመው ባሕሩ በድንጋይ ስለተሞላ ነው። በእረፍት ቀንሽ ሂጂና እዪው። ልብ በይ ግን፦ ከኒኮሎሲ እስከ ከተማው ግንብ ለመምጣት 1 ወር ገደማ ፈጀበት። ከመሰንጠቁ በፊትም መሬቱ ለቀናት ሲንቀጠቀጥ ነበር። የዛሬው መሣሪያ ደግሞ ያን ጊዜ አልነበረም። ሻንጣሽን ብቻ ሳይሆን የሲኞራዋን የዕቃ ሳጥን ሁሉ አውጥተሽ ትሄጃለሽ።

በዚያ ዘመን ዲዬጎ ፓፓላርዶ የሚባል የካታንያ ሰው ነበር። እርጥብ ቆዳ የለበሱ ሰዎች አሰልፎ ቅልጡን አለት በብረት ወግቶ ሊያዞረው ሞከረ። ተሳክቶለትም ነበር፣ የዞረው ግን ወደ ፓተርኖ ከተማ ነው። የፓተርኖ ሰዎች መሣሪያ ይዘው መጡና አስቆሙት። ቅልጥ አለት ማዞር እስከ ዛሬ የሕግም የጎረቤትም ጣጣ አለው። በ1992 ዛፈራናን ለማዳን በፈንጂና በአፈር ግድብ አዙረውታል፣ ያኔ ግን የዞረው ወደ ባዶ ገደል ነበር።

የኮንጎዋን ጎማ ከተማ ቪዲዮ አይተሽ ከሆነ አታመሳስዪው። እዚያ ያለው ኒይራጎንጎ የሚባለው ተራራ የሚያፈሰው አለት እንደ ዘይት የቀጠነ ነው፣ ተራራው ደግሞ ለከተማው ቅርብ ነው። በ2002ም በ2021ም ሰዉ ልጁን አዝሎ ነው የሸሸው። የኤትና ወፍራም ነው፣ አዝጋሚ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ጫፏ ድረስ ሲወጣ ነው። ጁን 2 ቀን 2025 ከደቡብ ምሥራቁ አፍ ጎን ተደርምሶ ትኩስ ደመና ሲወርድ ቱሪስቶች ሲሮጡ ዓለም አይቷል። ጓደኛ 'እሳቱን ቀርበን እንይ' ቢልሽ አስጎብኚ ከሌለበት ቦታ አትሂጂ።

ትኬቱ ላይ ያስፈራሩሽ ሰዎች እንኳ ትንሽ እውነት አላቸው። ፎንታናሮሳ አየር ማረፊያ በአመድ ምክንያት በየጊዜው ለሰዓታት ይዘጋል። አንዳንዴ አመድ ማኮብኮቢያው ላይ ወርዶ፣ አንዳንዴ ሰማዩ ላይ ብቻ ሆኖ። የአውሮፕላን ሞተር ውስጡ ያን የመስታወት ዱቄት የሚያቀልጥ ሙቀት አለው። ይቀልጣል፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ላይ ሲደርስ ይጋገራል። በ1982 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 4ቱም ሞተሮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፍተውበታል፤ እንደ ዕድል ዝቅ ሲል ተነሡለትና አረፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም አይቀልድም።

መዘጋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን አይዘልም። የሚጎዳሽ የትኬቱ አቆራረጥ ነው። ካታንያ ሮም ለብቻ፣ ሮም አዲስ አበባ ለብቻ ቆርጠሽ ከሆነ የመጀመሪያው ሲሰረዝ ሁለተኛው አየር መንገድ አይመለከተኝም ይልሻል። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን እስከ አዲስ አበባ ማድረስ የነሱ ጣጣ ነው። ለይተሽ ቆርጠሽ ከሆነ ሮም አንድ ቀን ቀድመሽ ግቢ። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ፣ ከካታንያ የሚነሳ በረራሽ ቢሰረዝ ወይ ገንዘብሽን ይመልሳሉ ወይ በሌላ መንገድ ያደርሱሻል። ስትጠብቂም ምግብና ማደሪያ ይሰጡሻል። የካሳ ገንዘብ ግን አይገባሽም፣ እሳተ ገሞራ ከአቅማቸው በላይ ነውና። የአይስላንዱ ተራራ በ2010 የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ ማደሪያ አንሰጥም ያለ አየር መንገድ ነበር። የሕብረቱ ፍርድ ቤት በ2013 ትሰጣለህ ብሎታል። ስለዚህ የምግብና የሆቴል ደረሰኝሽን ያዢ። ሁሉም ካልሆነ ኮሚዞና ፓሌርሞ ሌላ አየር ማረፊያ አለ። ሮም ድረስ ደግሞ ባቡር አለ፤ ሜሲና ላይ ባቡሩ ራሱ መርከብ ውስጥ ይገባና ባሕሩን ይሻገራል። ሌሊቱን ስለሚፈጅ ስንቅ ያዢ።

የቀሩት እናትሽ ናቸው።

የሃይሊ ጉቢን ቪዲዮ አይተው መደንገጣቸው አይፈረድባቸውም። ኖቬምበር 23 ቀን 2025 ሲፈነዳ ደመናው ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል፣ አፍዴራ አካባቢ ቀኑ ጨልሟል፣ አመዱ በየመንና በኦማን አድርጎ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አሰርዟል። ለአፋር አርብቶ አደር ጭንቀቱ ሌላ ነበር፤ ሣሩ ተሸፈነ፣ ከብቱ ምን ይብላ። ሃይሊ ጉቢ ግን በታሪክ መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቅ፣ ማንም የማይጠብቀው ተራራ ነበር። የአንቺዋ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቃት ሰው አላት።

ይሄ ሁሉ በስልክ አያሳምናቸውም፣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አስታውሺያቸው። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናጥ አዲስ አበባም ተሰምቶ ነበር። ያኔ አንቺ እሳቸውን 'ውጪ' ብለሽ ይሆናል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለመዝናናት ሄደው ከሆነም፣ የተቀመጡት የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ላይ ነው። ሆራም እንደዚያው ነው። ዝቋላም፣ ገዳሙ ያለበት ተራራ፣ እሳተ ገሞራ ነበር።

ለገና ስትሄጂ ደግሞ ከበረንዳው የጠረግሽውን አሸዋ በአንዲት የማርማላታ ጠርሙስ ሞልተሽ ውሰጂላቸው። በእጃቸው ይዳብሱት። ክዳኑን ግን አጥብቀሽ ዝጊው፤ ሻንጣሽ ውስጥ ከተከፈተ የአገር ቤት ልብስሽን ይጨርሰዋል።